ግማሹን ካባ ይዞ ወዴት ሄደ?

በጀርመን አገር የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ ገደማ አንድ ቪዲዮ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። መንገዱ ጨልሟል። ሕፃናት በእንጨት ጫፍ ላይ የወረቀት ፋኖስ አንጠልጥለው፣ እየዘመሩ በሰልፍ ያልፋሉ። ከፊታቸው ቀይ ካባ የለበሰ ሰው በፈረስ ተቀምጦ ይሄዳል። ከኋላ ማርሽ ባንድ ይከተላል፤ ከጎንና ከጎን የእሳት አደጋ ሠራተኞች አሉ። ቪዲዮውን የላከላችሁም ሰው ከሥሩ «ሦስተኛዋ ናት፣ ጥንቸል ፋኖስ የያዘችው» ብሎ ጽፎላችሁ ይሆናል።

ይህ «የቅዱስ ማርቲን ሰልፍ» ይባላል። በዓሉ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 11 ቀን፣ በእኛ ደግሞ ኅዳር 2 (በዘመነ ዮሐንስ ኅዳር 1) ይውላል። ሰልፉ ግን እንደየከተማው በዚያ ሳምንት በተለያዩ ምሽቶች ይደረጋል። «ቅዱስ» የሚለውን ቃል ስታነቡ ከመካከላችሁ ፊቱን ቋጠር ያደረገ እንደሚኖር አውቃለሁ። በጀርመን ባሉ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ኅብረቶችም ውስጥ በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ ይኸው ነገር ይነሣል። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ወረቀት ይመጣል፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ፋኖስ የሚሠሩበት ቀን ይነገራል። ከዚያ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ወጥ ቤት ቁጭ ብለው «እንላካት ወይስ ትቅር?» ይባባላሉ።

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለእነዚያ ባልና ሚስት ነው። አገር ቤት ላላችሁትም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ ለእንቁጣጣሽ አበባ ይዤ ልዙር ስትላችሁ፣ ወንዱም ለቡሄ ዱላ ሲቆርጥ ያው ጥያቄ በእናንተም ቤት ይገባል።

ከይጁቤ የመጣ ሰው ሰልፍ ሲያይ

እኔ ያደግሁት ይጁቤ ነው። ለማታውቋት፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በሚያዘነብለው ደጋ ላይ ያለች የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። በእኛ አገር ልጅ ዓመቱን የሚቆጥረው በሰልፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ እየዘመረ ያጅባል፣ በማግስቱም በእልልታ ይመልሳቸዋል። ለመስቀል ችቦ ይበራል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት እረኞች ጅራፍ ሲያጮሁ ይሰነብቱና በዕለቱ ወንዶች ልጆች በየደጁ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ይዘምራሉ፤ ባለቤቲቱም ሙልሙል ትሰጣቸዋለች። እኔ ሴት ልጅ ስለሆንሁ ቡሄን የማየው ከበር ላይ ቆሜ ነበር። ሙልሙሉን ከእናቴ ተቀብዬ ለልጆቹ የማቀብለው ግን እኔ ነበርሁ፤ ይህ ሹመት ደስ ይለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ጌታን ተቀበልሁ። ከዚያም ጥር 10 መጣ። ቤተሰቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲወጣ እኔ ቤት ቀረሁ። አባቴ ለብዙ ጊዜ አላናገረኝም። እናቴ ግን ከጥምቀተ ባሕሩ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ምግብ አቀረበችልኝ፤ ምንም አላለችኝም።

በወላይታ ወይም በወለጋ በአማኝ ቤተሰብ ውስጥ ያደጋችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ከሩቅ ልታዩት ትችላላችሁ። በጎጃም ደጋ ላይ ግን ከታቦት ኋላ አለመሄድ ከሰፈር፣ ከዕድር፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቃብር ቦታ መለየት ማለት ሆኖ የቆየባቸው ዓመታት ነበሩ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ኦርቶዶክሳውያን ዘመዶቻችን ለሚወድዱት ነገር ያላቸውን ቅንዓት አውቀዋለሁ፤ ያሳደገኝ እርሱ ነው። የምጽፈው ከእንደዚህ ያለ አገር የመጣች ሴት ከባሕር ማዶ የሰልፍ መዝሙር ስትሰማ እግሯ ለምን ቀጥ እንደሚል እንድትረዱላት ነው።

ባለቤቴ የወላይታ ሰው ነው። አያቶቹ ጭምር አማኞች ናቸው፤ ከታቦት ሸሽቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ተከትሎም አያውቅም። ከመዋዕለ ሕፃናቱ የመጣውን ወረቀት አንብቦ፣ «ምን ችግር አለው? ወረቀትና ሙጫ ነው እኮ» አለ። ለእርሱ እውነትም ወረቀትና ሙጫ ነው። ለእኔ ግን ያ ወረቀት ያን የጥር ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን የተቀመጥሁበትን በርጩማ አስታወሰኝ። እርሱ «አታካብጂ» አለ፤ እኔ «አንተ ዋጋውን አልከፈልህም» አልሁ። የምንነጋገረው ግን ስለ አንድ ነገር አልነበረም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ በተለይ ከተለያየ አገርና ከተለያየ የእምነት ታሪክ የመጣችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ጥቅስ ከመጥቀሳችሁ በፊት «ይህ ነገር አንቺን ምን ያስታውስሻል? አንተንስ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ሐዋርያው በሮሜ 14 ስለ ቀንና ስለ መብል የሚከራከሩትን ሲመክር፣ ሁለቱም ወገን ለጌታ ብሎ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይቀበላል። ባልና ሚስትም ከዚህ ቢጀምሩ የሌሊቱ ክርክር ያጥራል። እኛ ይህን ጠይቀን ነው ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የሄድነው፦ ለመሆኑ ይህ ማርቲን ማን ነው?

ወታደሩ

ማርቲን የተወለደው በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ዛሬ ሀንጋሪ በሚባለው አገር ነው። ያደገው በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፓቪያ ነው። ወላጆቹ ክርስቲያኖች አልነበሩም። አባቱ የሮም ጦር መኮንን ስለነበረ ልጁም በሕጉ መሠረት በግድ ወታደር ሆነ። ታሪኩን የጻፈው በሕይወት ሳለ ያውቀው የነበረው ሱልፒስዮስ ሳዊሮስ ነው።

ነገሩ የሆነው ዛሬ በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በአሚየን ከተማ በር ነው። ክረምቱ ከወትሮው የከፋ ስለነበር ብዙ ሰው በብርድ ይሞት ነበር። ማርቲን ያለውን ልብስ አስቀድሞ ለድሆች ሰጥቶ ከመሣሪያውና ከለበሰው ካባ በቀር ምንም አልቀረውም። በሩ አጠገብ አንድ ራቁቱን የሆነ የኔ ቢጤ ቆሞ ይለምናል፤ ሰው ሁሉ አልፎት ይሄዳል። ማርቲን ሰይፉን መዝዞ ካባውን ለሁለት ቀደደና ግማሹን ለሰውየው ሰጠ፣ በቀረው ግማሽ ራሱን ሸፈነ። በዚያ የቆሙ አንዳንዶች በተቆረጠ ካባ መልኩ ቢበላሽባቸው ሳቁበት። ሌሎቹ ግን ከእርሱ የበለጠ ልብስ እያላቸው ምንም ባለማድረጋቸው አዘኑ። በዚያች ሌሊት በሕልሙ ጌታ ኢየሱስ ያችን ግማሽ ካባ ለብሶ አየው፤ ለመላእክቱም ያለበሰው ማርቲን እንደሆነ ሲናገር ሰማ። ሱልፒስዮስ ራሱ ነገሩን ከማቴዎስ 25፥40 ጋር ያያይዘዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሱልፒስዮስ እንደሚለው ማርቲን ያን ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነው፤ አልተጠመቀም፣ ገና የክርስትናን ትምህርት በመማር ላይ ነው። «ቅዱስ» ያሉት ሰዎች በኋላ ናቸው። ሁለተኛ፣ በጽሑፉ ውስጥ ፈረስ የለም! ሠዓሊዎች ናቸው የጨመሩት። በየከተማው ሕፃናቱን የሚያስደስተው ያ ግርማ ያለው ፈረስ የሥዕል ልጅ ነው፤ በመጽሐፉ ያሉት ሁለት የበረዳቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። (የአገሬ ሰው ይህን ቢሰማ ቅር ይለዋል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ያለ ፈረስ በዓል አይታየውም።) ሦስተኛው እኔን በግሌ የነካኝ ነው።

ማርቲን ከውትድርና ወጥቶ መነኮሰ፣ እ.ኤ.አ. በ371 የቱር ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በዚያ ዘመን ጵርስቅልያኖስ የሚባል የእስፓኝ ኤጲስ ቆጶስ በመናፍቅነት ተከሶ በትሪየር ከተማ፣ ያውም ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረበ። ማርቲን ትምህርቱን አልደገፈለትም። ነገር ግን ሰውን ስለ እምነቱ በመንግሥት ሰይፍ መግደል አይገባም ብሎ ንጉሠ ነገሥቱን ተማጸነ። ማርቲን ከከተማዋ ከወጣ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ385 ገደማ ሰውየው ተገደለ። ማርቲንም ክሱን ካቀነባበሩት ጳጳሳት ጋር ኅብረት ማድረግ እስኪከብደው ድረስ አዘነ። «መናፍቅ» የሚለው ስም በልጅነቷ በጆሮዋ ላይ የተጠራባት ሴት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅታችሁም። ካባውን ሁሉም ይተርከዋል። ይህን ግን በሰልፉ ላይ የሚተርክ አላየሁም፤ ለእኔ ከካባው ይበልጥብኛል።

የሕፃኑ ስም

ወንጌላውያን ነን የምንል ሁሉ በየቀኑ የዚህን ወታደር ስም እንጠራለን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1483 በአይስሌበን ከተማ አንድ ልጅ ተወለደ፤ በማግስቱም ተጠመቀ። ቀኑ የማርቲን ቀን ስለነበር ስሙን ማርቲን አሉት። ማርቲን ሉተር ስሙን ያገኘው ከዚህ በዓል ነው።

ሉተር ቅዱሳንን መለመን እንዲቀር አጥብቆ ማስተማሩን ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1530 የወጣው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በ21ኛው አንቀጽ ነገሩን በሁለት ይከፍለዋል። ቅዱሳንን ማሰብ የሚገባው እምነታቸውንና መልካም ሥራቸውን እንድንከተል ነው፤ እነርሱን መለመን ግን በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም፣ ብቸኛው አማላጅ ክርስቶስ ነው ይላል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አባላት የሆናችሁ ይህን መግለጫ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ ጥያቄው «ስሙ ይጠራል ወይ?» ሳይሆን «ይለመናል ወይ?» ነው ማለት ነው።

በሰሜን ጀርመን በምሥራቅ ፍሪስላንድ፣ ሕዝቡ ሉተራዊ በሆነበት አገር፣ ልጆች ፋኖስ ይዘው በየደጁ የሚዘምሩት ኖቬምበር 10 ቀን ምሽት ነው፤ የሚያስቡትም የሉተርን ልደት ነው። በኤርፈርት ከተማ ደግሞ በዚያው ምሽት ካቶሊኮችና ወንጌላውያን በካቴድራሉ አደባባይ በአንድነት ተሰብስበው ሁለቱንም ማርቲኖች ያስባሉ። የእኛም አገር ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ እስከ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል፤ እነርሱም በመልካም ተቀብለው በደብዳቤ ሸኝተውታል። የጎጃም ልጅ በጀርመን መንገድ ላይ መቆሟ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የማርቲን ካባ በኋላ ዘመን በፈረንጆች ነገሥታት ዘንድ እንደ ንዋየ ቅዱሳት ይጠበቅ ነበር። ትንሿ ካባ በላቲን «ካፔላ» ትባላለች፤ የምትቀመጥበትም ቤት በዚያው ስም ተጠራ። የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተማሪዎቻችን ጠዋት ጠዋት «ቻፕል አለን» እያሉ ሲሮጡ፣ የአንድን ወታደር ካባ እየጠሩ መሆናቸውን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን?

ጠይቀን ያገኘነው

ባለቤቴና እኔ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደን መምህርቷን ጠየቅናት። ወደ ማርቲን ጸሎት ይደረጋል? አይደረግም። ሥዕል ወይም ሐውልት ይሸከማሉ? አይሸከሙም። ታሪኩ በተውኔት ይታያል፣ እሳት ይነድዳል፣ ዳቦ ይታደላል፤ ይኸው ነው። በሌላ ከተማ ሌላ መልስ ልታገኙ ትችላላችሁና በሰው ወሬ ሳትወስኑ ራሳችሁ ጠይቁ። አንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት የሌላ እምነት ልጆች ስላሉ «የፋኖስ በዓል» ብቻ ብለው ይጠሩታል፤ በእኔ አስተያየት ይህ ለእኛ ከመጀመሪያው የሚሻል አይደለም። ስሙ ሲቀር የካባውም ታሪክ አብሮ ይቀራልና ልጆቹ በጨለማ የሚዞሩበት ምክንያት ይጠፋል።

በኅብረታችን ካሉት ቤተሰቦች ልጃቸውን ላለመላክ የወሰኑ አሉ። ከእኛ ወገን ሆነው የእኔን ዓይነት ጥር ያሳለፉ ናቸው። ያን ምሽት ልጆቻቸውን ወስደው ቤታቸው ፓንኬክ ይሠሩላቸዋል። ማንም አይነቅፋቸውም፣ እነርሱም እኛን አይነቅፉም። ይህ ሰላም ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ሽማግሌዎቻችን ነገሩን በጥቅምት፣ ፋኖስ ሳይሠራ በፊት እንድንነጋገርበት ስላደረጉ ነው። ልጅ የሠራውን ፋኖስ ታቅፎ ከተኛ በኋላ «አትሄድም» ማለት ቅጣት ነው።

እኛ ልጃችንን ላክን። እኔም መንገድ ዳር ቆሜ አየሁ።

ስለ ሰልፉ ጥቂት ልንገራችሁ። ዛሬ በምናየው መልኩ፣ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ሕፃናት በሥርዓት የሚከተሉበት ሰልፍ፣ በራይን ወንዝ አካባቢ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተስፋፋ ነው። ፋኖሱ ድሮ ለከብት ከሚሰጥ ትልቅ ሥር ተፈልፍሎ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወረቀትና ሻማ መጣ፤ አሁን አብዛኛው በባትሪ ይበራል። ሻማ የያዘ ልጅ ፋኖሱን ዘንበል ካደረገ ወረቀቱ ይቃጠልና ለቅሶ ይሆናል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሚያጅቡት ለደመራው ብቻ አይደለም። አየሩ ብዙውን ጊዜ ጭጋግ ነው፤ የሰው ትንፋሽ በፋኖሱ ብርሃን ላይ ይታያል። ይጁቤ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ያለውን ውርጭ ለማውቅ ለእኔ ብርዱ እንግዳ አልሆነብኝም፤ እርጥበቱ ግን ሌላ ነው፣ ጫማ ውስጥ ይገባል።

ወቅቱም ይመሳሰላል። ኅዳር በእኛ አገር አጨዳ ነው። በአውሮፓም የማርቲን ቀን የእርሻው ዓመት ማብቂያ ነበር፤ ገበሬው የመሬት ኪራይ የሚከፍለው፣ ሎሌ የሚቀጠረውና የሚሰናበተው፣ የሰባው ዝይ የሚታረደው በዚያ ቀን ነበር። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ እስከ ልደት ድረስ አርባ ቀን የሚጾሙበት ዘመንም ነበረ። ኦርቶዶክሳውያን ዘመዶቻችን ኅዳር 15 የነቢያትን ጾም እንደሚይዙ ስታስቡ፣ ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ሳያይ አንድ ዓይነት ዓመት ሲያርስ እንደኖረ ይገባችኋል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ዳቦው ነበር። «ቬክማን» ይሉታል፤ በሰው ቅርጽ የተጋገረ ጣፋጭ ዳቦ ሲሆን ዓይኖቹ ዘቢብ ናቸው፣ በአፉም የሸክላ ፒፓ ይሰኩበታል። ከሰልፉ በኋላ ለልጆቹ ይታደላል፤ በብዙ ቦታም ልጆች በየደጁ እየዘመሩ ከረሜላና ፍራፍሬ ይቀበላሉ። ቡሄ ነው! ሙልሙል ነው! ባለቤቴን ክንዱን ይዤ «ይህን አውቀዋለሁ» አልሁት። ልጃችን ዳቦዋን በመምህርቷ ምክር ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ለአንድ ሶርያዊ ልጅ ሰጠች፤ ፒፓዋን ግን ለማንም አልሰጥም አለች።

በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020፣ ሰልፎቹ በመላው አገሪቱ ተሰረዙ። ቤተሰቦች ፋኖሶቻቸውን በመስኮት ላይ ሰቀሉ። ማታ በእግራችን ስንወጣ መንገዱ ባዶ ሆኖ መስኮቶቹ ሁሉ በቀለም ያበሩ ነበር። ያን ዓመት ላለመላክ ከወሰኑት ቤተሰቦች የአንዱ መስኮት ላይ ከዋክብት የተሳለበት ፋኖስ አይተናል፤ አልጠየቅናቸውም።

እማዬ በስልክ

ቀድሞ ቪዲዮውን በኢሞ ለእናቴ እልክላት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ግን አልተቻለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በውጭ የምትኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ያን ዓመት እንዴት እንዳለፈ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ቀን ስልኩ ይጠራል፣ አንዳንድ ቀን አይጠራም። በገባልኝ ቀን ሰልፉን በቃል ነገርኋት።

«የማን ታቦት ነው?» አለችኝ።

«ታቦት አይደለም እማዬ። ወታደር ነው፤ በፈረስ።»

«ወታደር?» ድምፅዋ ወረደ። በዚያ ዓመት ይህ ቃል በስልክ የሚነገር አልነበረም። ቶሎ ብዬ የካባውን ታሪክ ተረክሁላት፤ ብርዱን፣ በሩን፣ ሰይፉን፣ ግማሹን። ዝም ብላ ሰማችኝ። እኔ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«የኔ ቢጤውስ?» አለች።

«እ?»

«የኔ ቢጤው፤ ግማሽ ጨርቅ ይዞ በዚያ ብርድ ወዴት ሄደ? ማን አሳደረው?»

«አልተጻፈም እማዬ።»

«አንች ልጅ፣ ታዲያ ያንን ነው እንጂ መጠየቅ! ደግሞስ ሰይፍ ምን ያደርጋል? ጋቢ ቢሆን አራት እጥፍ ነው፣ ቢተረተር ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።»

እውነቷን ነው። ወደ ሱልፒስዮስ ተመልሼ አነበብሁ። የኔ ቢጤው ካባውን ከተቀበለ በኋላ ከታሪኩ ይጠፋል፤ ስሙም ማደሪያውም አይነገርም። በተውኔቱም ላይ እንዲሁ ነው። ፈረሰኛው እያበበ ሲሄድ ልጆቹ ይከተሉታል፣ ባንዱ ይከተለዋል፣ የኔ ቢጤውን የሚጫወተው ልጅ ከእሳቱ አጠገብ ብቻውን ይቀራል፤ እናቱ መጥታ ኮቱን እስክታለብሰው ድረስ። ያዕቆብ በመልእክቱ (2፥15-16) ራቁቱን ያለን ወንድም በቃል ብቻ «ሙቅ» ብሎ ስለሚያሰናብት ሰው የጻፈውን ብዙ ጊዜ ሰብከን ይሆናል። መጥምቁ ዮሐንስም በሉቃስ 3፥11 ሁለት ልብስ ያለው ሰው ለሌለው እንዲያካፍል ሲናገር ስለ ሰይፍ አያወራም።

የእማዬን ጥያቄ ለእህቶች የጸሎት ቡድን ነገርኋቸው። ከእኛ ከተማ ዳር ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚያርፉበት ግቢ አለ፤ በመከር ወራት ከሞቃት አገር የሚመጡ ሰዎች በነጠላ ጫማ ይገቡበታል። እዚያ ያሉት ራሳቸው ስንሄድ «የት ታድራላችሁ? ምን ያንሳችኋል?» ብሎ የጠየቃቸው እንግዳ ጥቂት እንደሆነ ነገሩን። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ኅብረታችን በዚያ ሳምንት የክረምት ልብስ ይሰበስባል። ያደርሳል ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ለመላክ የወሰኑትም ላለመላክ የወሰኑትም ቤተሰቦች ይመጣሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

እማዬ ባለፈው ዓመት በሰው እጅ አንድ ጋቢ ላከች፤ «ለዚያ ሰው» ብላ። ከሱዳን ለመጡ አንድ ሽማግሌ ሰጠናቸው። ገዳሪፍ ላይ ኢትዮጵያውያን ለብሰውት አይተው ያውቁ ኖሮ ገና ከፌስታሉ ሳናወጣው «ጋቢ» አሉ፤ ከዚያም በጣታቸው እየነኩ እጥፉን ቆጠሩ።

በየከተማችሁ እንዲህ ማድረግ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። የልጆች ኮት በመጀመሪያው ሰዓት ያልቃልና ቀድማችሁ ያዙ። የወንድ የክረምት ጫማ፣ በተለይ 42 እና 43 ቁጥር፣ ሁልጊዜ ያንሳል። የሴቶች ቀሚስ ግን አታምጡ፤ ሞልቷል። ጓንት ጥንዱን በክር አስራችሁ ስጡ፣ አለዚያ አንዱ ይጠፋል። የቆሸሸ ወይም ዚፑ የተበላሸ ልብስ የምታስተካክሉት እቤታችሁ ነው። ሻይ ስትይዙ ስኳሩን ለብቻ አድርጉት፤ ከመካከላቸው የስኳር ሕመም ያለባቸው አሉና።